ፍሪዘር ውስጥ የገባው አደራ

በዚህ ገጠመኝ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ ላስተዋውቅ። እኔ ሰዒድ እባላለሁ፤ ሪያድ ከተማ፣ ፉጣ ሰፈር የምኖር፣ በአንድ የጽሕፈት ዕቃ መጋዘን ሾፌር ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከድጃ ትባላለች። ልጃችን ሐያት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አራተኛዋ ሉባባ ናት፤ ሺፋ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እየኖረች ትሠራ የነበረች፣ እንደኛው የወሎ ልጅ። አምስተኛው ዳንኤል ነው፤ ባጥሐ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ሐዋላ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን የመርካቶ ልጅ።

ነገሩ የደረሰው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው በስንፍና ወይም በክፋት ስላጠፋሁ አይደለም። ትክክል ነው ብዬ ዓመታት የጠበቅሁት ደንብ ራሱ ሊያሳፍረኝ ስለደረሰ ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ በኬብል የሚሰካ ሐርድ ዲስክ ነበረን። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጋዘኑ ጸሐፊ የጣለውን ማሽን አንስቼ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እየጠገንሁ ነው የለመድሁት። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ የማያውቀውን ነገር አታውቀውም ብሎ የሚነግረው የለም።

ዲስኩ የሰው አደራ ማስቀመጫ የሆነው እንዲህ ነው። ሰው ቤት እየኖሩ የሚሠሩ እህቶቻችን ስልካቸው የራሳቸው ነው ለማለት ያስቸግራል። አንዷን ማዳሟ ትነጥቃታለች፤ የሌላዋን የማዳሟ ልጅ ይሰብረዋል፤ ሌላዋ ድንገት ተይዛ በለበሰችው ልብስ ወደ አገር ትላካለች። ስልኩ እዚያ ሲቀር የእናት ፎቶ፣ የልጅ ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ አብሮ ይቀራል። አንዷ የምናውቃት ልጅ እንዲህ ባዶ እጇን ከሄደች በኋላ ሌሎቹ ለከድጃ፣ «ባልሽ ኮምፒውተር ያውቃል፤ እሱ ዘንድ አስቀምጪልን» አሏት። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ያገኘችው ትመጣለች፤ ስልኳን እሰካለሁ፤ በስሟ ፎልደር ከፍቼ እገለብጥላታለሁ።

አደራ ነውና ሁለት ደንብ አወጣሁ። የመጀመሪያው አለማየት ነው። ሴት ልጅ ከእህቶቿ ጋር ሆና፣ ፀጉሯን ገልጣ የተነሣችውን ፎቶ ባዕድ ወንድ ሊያየው አይገባም። ማሽኑ ፎቶዎቹን በትንንሹ እንኳን እንዳያሳይ አድርጌ አስተካከልሁት፤ ስገለብጥም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሁለተኛው አለማባዛት ነው። የተሰጠኝ አደራ አንድ ነው፤ ሁለት ካደረግሁት ሁለተኛው የማን ሊሆን ነው? የማሽኑን የይለፍ ቃል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሐያት እንድትነካው አልፈቅድም ነበር።

አንድ ቀን፣ «አባ፣ ዲስክ እኮ ይሞታል፤ ባክአፕ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ፣ ያስፈልገዋል» ብላኝ ነበር።

«የሰውን ገመና እንደ ጋዜጣ አላባዛም» አልኋት። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርሁት። አባቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምንቆጥረው።

ያን ዓርብ ሉባባ ፊቷ በርቶ መጣች። የመጨረሻ የመውጫ ቪዛዋ፣ እዚህ ኹሩጅ የምንለው፣ ተመቶላታል። ከፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ትኬት ቆርጦላታል። በሚቀጥለው ዓርብ ለስንብት ትመጣለች፤ በማግስቱ ሾፌሩ ከቤት በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳታል።

«ጋሼ፣ የእናቴን ቪዲዮ አሁን በዚህ ስልክ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

የዚህን ቪዲዮ ነገር መንገር አለብኝ። እናቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። መርዶውን የሰማችው የማዳሟን እንግዶች ስታስተናግድ ነው፤ እንባዋን ጠርጋ ሻይ ይዛ ገባች። ለቅሶ የምትቀመጥበት ቀን አልተሰጣትም። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ወንድሟ በስልኩ ቀርጾ ልኮላት ነበር፤ እሳቸው ቤታቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ሲመርቋት። ያ የእሷ ስልክ የማዳሟ ልጅ መዋኛ ውስጥ ጥሎት ተበላሸ። ወንድሟም የራሱን ስልክ ሸጦታል። በዓለም ላይ ቪዲዮው ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር።

ዲስኩን ሰካሁት። ከወትሮው ሌላ ድምፅ አሰማ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና ሰካሁት። ማሽኑ ዲስኩ አይነበብም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ እሺ ማለት ቤቱን ጠርጎ መድፋት መሆኑን አውቅ ነበርና እንቢ አልሁ። ያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ ትክክሉ ይህ ብቻ ነው።

ሉባባ ከትከሻዬ በላይ ታያለች። «ምን አለ ጋሼ?»

«ኬብሉ ነው» አልሁ። ኬብሉ አልነበረም። ሌላ ኬብል ቀየርሁ፤ ሌላ ቀዳዳ ሞከርሁ፤ ከጎረቤት ማሽን ተውሼም ሰካሁት። አንድ ጊዜ የሴቶቹን ስም የያዙት ፎልደሮች ብቅ አሉ። የሉባባን ስም አየሁት። ስጫነው ማሽኑ ደርቆ ቀረ።

«ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓርብ ዝግጁ ይሆናል» ብዬ ሸኘኋት። ደረጃውን ስትወርድ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ።

ከሄደች በኋላ ስማር እንደኖርሁት ሁሉ ቪዲዮ ከፈትሁ። አንዱ ሰውዬ፣ የሞተ ዲስክ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ነፍስ ይዘራል ይላል። ሰውዬው በራሱ የሚተማመን ነበር፤ እኔም አመንሁት። ጠቅልዬ አስገባሁት።

በማግስቱ ከድጃ ለምሳ ዶሮ ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጉበት መስሎኝ!»

«ተይው፤ የሴቶቹ አደራ ነው።»

ጥቅሉን በእጇ አገላበጠችው። «የሰው አደራ ከዶሮ ጎን አስቀመጥህ?» አለችና መልሳ አስገባችው።

አውጥቼ ሰካሁት። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ደቂቃ ሠራ፤ ፎልደሮቹም ተደረደሩ። ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ፍጭት ተሰማና ዲስኩ ጨርሶ ጠፋ። የላስቲኩ ውስጥ ላብ አውጥቶ እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ዳንኤል ዘንድ የሄድሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ መሄድ ነበረብኝ። ያልሄድሁት ክፍያው ከብዶኝ አልነበረም። እሱ ባዕድ ወንድ ነው፤ አንድ ፎቶ ቢከፍት ዓመታት የጠበቅሁት ደንብ ባጥሐ ፎቅ ላይ ፈረሰ ማለት ነው።

ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ሰክተውታል?»

«ብዙ።»

«ፍሪዘርስ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አስገብተውታል!» ብሎ ሳቀ። «ያ ሰውዬ እኮ እንጀራዬ ነው፤ በየሳምንቱ ደንበኛ ይልክልኛል።» ከዚያ ሳቁን ትቶ አስረዳኝ። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ከሳህኑ በላይ የሚያነብ ጭንቅላት አለ። ጭንቅላቱ ደክሟል። እኔ በሰካሁት ቁጥር የታመመ ሰው አስነሥቶ ማስሮጥ ነበር። ፍሪዘሩ ደግሞ ውስጡን አረጠበው። «አሁን መጀመሪያ ይደርቃል። ከዚያ ቀስ ብዬ እገለብጠዋለሁ፤ መጀመሪያ ደህና ደህናውን፣ የታመመውን ቦታ እየዘለልሁ። በመጨረሻ ወደ ታመመው እመለሳለሁ።»

«ሳታይ ነው የምትገለብጠው?»

«ምኑን?»

ነገሩን ነገርሁት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የሚያነበው ቁጥር እንጂ ሥዕል አይደለም። ፖስታ እንደሚያደርስ ሰው ይቁጠሩኝ፤ ደብዳቤውን አልከፍትም።»

«ማልልኝ» አልሁት።

«በማን ልማልልዎ? በእኔ እምነት ብምል ለእርስዎ አይሆን፤ በእርስዎ ብምል ለእኔ አይሆን። በእናቴ ልማል፤ እናት ለሁላችንም ናት።»

በእናቱ ማለልኝ። ሰጥቼው ወረድሁ።

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። «ያላ ጋሼ፣ አይቸኩሉ፤ ካስቸኮልነው ይሞታል» ይለኛል። ከድጃ ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር በኃይል ትዘጋዋለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ኸላስ፣ ከዚህ በላይ አይሰጥም። ብዙው ወጥቷል።» ስደርስ ሁለት ዲስክ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጠኝ፤ የሞተውንና አዲሱን። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። የዲስኩ ማውጫ ተበልቷል። የፎልደሮቹ ስም፣ የፎቶዎቹ ስም፣ ይህ የእገሊት ነው የሚለው ነገር ሁሉ የለም። ፕሮግራሙ የተረፈውን ለቅሞ በቁጥር ብቻ ደርድሮታል። የሁሉም ሴቶች ፎቶና ቪዲዮ አንድ ላይ ተዘርግፏል።

«የማን እንደሆነ ለመለየት ምን ይደረጋል?» አልሁት።

«ከፍቶ ማየት ነዋ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና ተቀመጥሁ። እኔ ከፍቼ ማየት አልችልም። ሙሉውን ለሉባባ ሰጥቼ ራሷ ትፈልግ እንዳልል የሌሎቹን ገመና አሳልፌ መስጠቴ ነው። ሁሉንም ጠርቼ በየተራ እንዳላስፈልግ ዓርብ የደረሰው ከነገ ወዲያ ነው፤ አብዛኞቹም ፈቃድ የላቸውም።

«እንግዲህ ከሚታይ ይጥፋ» አልሁ። ያልሁት ከልቤ ነበር።

ከድጃ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ የምትጠፋው እኮ የሰው እናት ናት። ያንተ ዕቃ አይደለችም።»

ሐያት ከመጽሐፏ ቀና አለች።

«አባ፣ እኔ ሴት አይደለሁም?»

ቀላል ጥያቄ ነው። አለመመለስ ግን አልቻልሁም። ሴት ናት። ማሽኑንም ታውቃለች። ያን ሁሉ ዓመት የይለፍ ቃሉን የደበቅሁት፣ በቤቴ ውስጥ ዕውቀቱም ፈቃዱም አንድ ላይ ካላት ሰው ነበር። እናቷ ደግሞ ማሽን አትንካ እንጂ የእያንዳንዷን ሴት መልክ ታውቃለች።

ወረቀት ላይ የይለፍ ቃሉን ጽፌ ሰጠኋት። ላፕቶፑን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። በሩን እኔ ራሴ ከውጭ ዘጋሁት።

ፎቶዎቹን ከመክፈታቸው በፊት ከድጃ በስልክ የምታገኛቸውን ሁሉ ፈቃድ እንድትጠይቅ አዘዝሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍታ ስለነበር መልሳቸውን ሰማሁት። አንዷ፣ «ከድጃ፣ ፎቶዬን ልታዪ እኔን ፈቃድ ትጠይቂኛለሽ? ሠርጌ ላይ ፀጉሬን የሠራሽኝ አንቺ አይደለሽ!» ብላ ሳቀች። ሌላዋ፣ «ወላሂ ከዶሮ ጋር ነበር ያስቀመጡት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቢያንስ ዶሮዋ አላየችኝም?» አለች። ወሬው ሺፋ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። እንዲያ የተጨነቅሁበት ነገር ለባለቤቶቹ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ። ዛሬም ቢሆን ደንቡ ስሕተት ነበር አልልም። ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ያን ምሽትና የሐሙስን ምሽት እነሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን ሠራን። እኔ ሥራዬ ከበሩ ጀርባ መልስ መስጠት ነው።

«ሰዒድ! ጥርሷ ወርቅ የሆነው ማን ነበረች?»

«የሰው ሴት ጥርስ መች አይቼ አውቃለሁ!»

«ሁለቱ መንትዮች የማን ልጆች ናቸው?»

«የኬሚሴዋ።»

«እሺ። እዚያው ቁጭ በል።»

አንዳንዴ ይስቃሉ። አንዳንዴ ጸጥ ይላሉ። ጸጥ ሲሉ የተበላ ፎቶ እንዳገኙ አውቃለሁ፤ ግማሹ ፊት ደህና ሆኖ ግማሹ ግራጫ የሆነ። እንዲህ ያለው ጥቂት አልነበረም። የኬሚሴዋ መንትዮች መራመድ ሲጀምሩ የተቀረጹበት ቪዲዮ ጨርሶ አልተገኘም። ይህን ለእሷ የነገርኋት እኔ ነኝ። «እሺ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያቺን «እሺ» አልረሳትም።

ቪዲዮዎቹ ከፎቶው ይብስ ነበር። ብዙዎቹ ይጀምሩና መሐል ላይ ይቆማሉ። ደግሞ የሴቶቹ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አሮጊቶች፣ ሁሉም ደጅ ላይ ተቀምጠው የሚመርቁ። ከድጃ የሉባባን እናት በመልክ አታውቃቸውም። «እነዚህን አሮጊቶች ለብቻ እናስቀምጣቸው፤ ራሷ መጥታ ትለያለች» አለች። በዚህ እኔም ተስማማሁ። አሮጊት እናትን ማንም ቢያያት ነውር የለውም።

ዓርብ መጣ። ሉባባ የተፈቀደላት እስከ ዓሥር ሰዓት ነበር። ሐያት ሳሎን ውስጥ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ የአሮጊቶቹን ቪዲዮ አንድ በአንድ ትሞክራለች። ከድጃ በሩን ከፈተች። ሉባባ ደፉ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን ልታወልቅ ነው። ከላፕቶፑ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ወጣ፤ ቁጣ ነው።

«እሽ! እሽ! ውረጂ ከዚያ፣ አንቺ ዓይን አውጣ! ጤፉን ጨረስሽው እኮ! … በርቷል እንዴ ይሄ? ኧረ አልበራም። ልጄ፣ አንተ፣ ዶሮዋን አባርልኝ መጀመሪያ!»

ሉባባ ቀና አለች። ማያ ገጹ ከእሷ ዞሮ ነበር፤ ምንም አላየችም። አንድ ጫማ በእጇ፣ አንድ ጫማ በእግሯ እንዳለ ቆመች።

«ዘይቱና ናት» አለች። «ዶሮዋ። ስሟ ዘይቱና ነው።»

ገብታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ አንዱን ጫማ እንደተጫማች። ከድጃ ምንጣፏን ማንም በጫማ እንዲረግጥባት አትፈቅድም፤ ያን ቀን ግን አልተናገረችም። ሐያት ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አሮጊቷ ዶሮዋን አባረሩ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሉባባዬ፣ አላህ…» አሉ። እዚያ ላይ ምስሉ ደረቀ።

ሐያት እንደገና ሞከረች። እዚያው ላይ ቆመ። ፊቷ ቀላ። «እህቴ ሉባባ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ተበልቷል። ምርቃቱ የለም። ይቅርታ።»

ይህን የሰማሁት ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነው። ያ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዶሮ ቁጣ ሆነ ብዬ አሰብሁ።

ሉባባ ግን በመዳፏ ዓይኗን ጠርጋ ሳቀች። «ተይው የኔ እናት። ምርቃቱንስ እኔ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንዱን ነው፤ አንድ ቃል ለውጣ አታውቅም። እኔ የጠፋብኝ ቁጣዋ ነው። እንዴት እንደምትቆጣ ከሞተች ወዲህ ላስታውስ ስሞክር ነበር፤ እንቢ አለኝ።» ከዚያ ወደ ሐያት ዞረች። «እጅሽን ዘርጊ። የቀረውን እኔ ልንገርሽ።»

የእናቷን ምርቃት ከቆመበት ቀጥላ ለልጄ ነገረቻት፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ እጅሽ የያዘው አይበተን፣ የሰው አገር እሾህ አይውጋሽ። ሐያት በየመሐሉ «አሚን» ትላለች። «እጅሽ የያዘው አይበተን» ስትል እኔም ከበሩ ላይ «አሚን» አልሁ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

ሉባባ በማግስቱ ሄደች። ቪዲዮው በስልኳ ላይ አለ፤ በወንድሟ ስልክ ላይም አለ፤ እኔ ዘንድም በሁለት ዲስክ አለ። የይለፍ ቃሉን ሐያት ቀይራዋለች፤ አሁን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ አላውቀውም፤ መጠየቅም አልፈልግም።

ስለዚህ ነገር ዛሬ የሚሰማኝን ልጻፍ። አደራ ይከበራል ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ልጄንም እንዲሁ አስተምራታለሁ። ግን አለመንካት መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። አደራ የበላ ሰው ብቻ ሳይሆን አደራውን ቆልፎ ቁጭ ያለም ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ሰው ሳያማክር ደንብ የሚያወጣ አባትም ደንቡ ሲፈርስ ብቻውን አይወድቅም፤ ሌላ ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው። የኬሚሴዋ «እሺ» ይህን ታስታውሰኛለች።

ወጪውን እኔ ብቻ እንድከፍል ሴቶቹ አልፈቀዱም። «እኛም አንድ ቀን ሁለት ያድርጉልን አላልንዎም» ብለው በየዓርቡ አዋጡ፤ ሉባባም ድርሻዋን ሳታሳየኝ የምንጣፉ ጥግ ሥር ትታ ሄዳ ነበር። በጊዜው አልገዛም ያልሁት ሁለተኛ ዲስክ ባጥሐ ላይ መቶ ሰማንያ ሪያል ይሸጥ ነበር። የዳንኤል ድካም፣ አዲሶቹ ሁለት ዲስኮችና የታክሲው ተደምሮ ከሁላችንም ኪስ የወጣው ዘጠኝ መቶ አርባ ሪያል ነው።